አዛዡን ታቅፌ ዲላ ድረስ

ሰኞ

ከዚህ በፊት ዲላን አላውቃትም ነበር። ደቡብ ሲባል የማውቀው ሐዋሳን ብቻ ነው፤ እሱንም ለሰርግ ሄጄ፣ ሐይቁን ከሩቅ አይቼ በማግስቱ ተመልሻለሁ። ስለዚህ አለቃዬ «ሰኞ ዲላ ትወርጃለሽ፤ ሐሙስ ጠዋት ሥራው አልቆ መገኘት አለበት» ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ብርዱ ነበር። «ብርድ የለም» አለኝ። እኔ ግን ጃኬት ደርቤ ሹራብ ጨምሬ ወጣሁ። የጉለሌ ሰው ብርድ የለም ሲሉት አያምንም።

በአንድ እጄ የልብስ ቦርሳዬን፣ በሌላው በእናቴ አሮጌ ጋቢ የጠቀለልኩትን ካርቶን ይዣለሁ። የጉዞው ምክንያት ካርቶኑ ስለሆነ ስለ እሱ ልንገራችሁ። በሰፊ ግቢ ዋይፋይ ሲዘረጋ በየጣሪያው ሥር ነጭ ሳህን የሚመስሉ ዕቃዎች ይሰቀላሉ። ኢንተርኔቱን ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ የሚያድሉት እነሱ ናቸው። ግን በራሳቸው አያዙም፤ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ኮንትሮለር የሚባል አዛዥ አላቸው። ዲላ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ አዛዡ አርጅቶበታል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ረፋዱ ላይ፣ ራሱን ያጠፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተመልሶ ይነሳል። የእኔ ሥራ አዲሱን አዛዥ አስቀምጬ ሳህኖቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አንድ በአንድ ማዛወር ነው። ያውም ማንም ሳይሰማው።

ቃሊቲ መናኸሪያ የአውቶቡሱ ረዳት ካርቶኑን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«እህቴ፣ ይሄ ላይ ይወጣል።»

«አይወጣም።»

«እንቁላል ነው እንዴ?»

«ከእንቁላልም ይብሳል።»

ሳቀና ተወኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ይርጋጨፌ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ዘይነባ ነበሩ፤ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ መጥተው የሚመለሱ ናቸው። ዝዋይን አልፈን ጎማ ሲፈነዳ ሁላችንም ወረድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ ጃኬቴን እንደለበስኩ ካርቶኔን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ወይዘሮ ዘይነባ ትንሽ አዩኝና «ነይ ወዲህ፣ ስጪኝ ልያዝልሽ። አንቺም ያንን የክረምት ልብስ አውልቂ፤ የሚያይሽ ሰው የታመምሽ ይመስለዋል» አሉኝ። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ጎማው እስኪቀየር አዛዡን ጥላ ውስጥ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁልኝ። ጾም መያዜን ሲሰሙ ደግሞ ከዘንቢላቸው ዳቦና ሙዝ አወጡ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ ከሚቀመጥ ሰው ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ።

ከሐዋሳ በኋላ መንገዱ ሌላ አገር ገባ። ቡናው ዛፍ ሥር፣ እንሰቱ ቡናው መሀል፣ ቤቱ ደግሞ እንሰቱ ውስጥ ነው። የእኛ ሰፈር ቤቶች አጥር ለአጥር ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ እዚህ ቅጠሉን ገለጥ ካላደረጉ በር አይታይም። ዲላ ስንደርስ ወይዘሮ ዘይነባ «በይ ልጅሽን ተቀበይኝ» ብለው ካርቶኑን አስታቀፉኝና ወደ ይርጋጨፌ ቀጠሉ።

ባጃጅ ይዤ ሆቴል ገባሁ። ሳይጨልም አዛዡን ከጋቢው ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ማሰናዳት ጀመርኩ። አዲስ ማሽን ሲከፈት እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ይጠይቃል፤ ስም፣ አገር፣ ቀን። እየዛልኩ መለስኩለት። ቀኑን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር እያየሁ ሞላሁ። ከዚያ ሽሮዬን በልቼ ያለ ብርድ ልብስ ተኛሁ። አለቃዬ ልክ ነበር፤ ብርድ የለም።

ማክሰኞ

የኮሌጁ በር ላይ ጥበቃው አላስገባም አለኝ። የሚገባ ዕቃ ሁሉ በንብረት ክፍል ሞዴል 19 የሚባለው የገቢ ደረሰኝ ተቆርጦለት ገቢ መሆን አለበት፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሽፈራው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ጪጩ የምትባል ቦታ ለቅሶ ላይ ናቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ጥበቃው ከደብተሩ ወረቀት ቀዶ «አንድ ማሽን ገብቷል» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። «አቶ ሽፈራው ሲመጡ ግን ጉድ ይፈላል» አለኝ።

አዛዡን ማሽኖቹ ክፍል ውስጥ ከአሮጌው ጎን አስቀመጥኩት። የማዛወሩን ነገር ባጭሩ ላስረዳ። ለአንዷ ሳህን «ከዛሬ ጀምሮ አለቃሽ ያኛው ነው» ብዬ አዛለሁ። እሷ ጠፍታ ትነሳና አዲሱን አዛዥ ትጠራለች። ከተቀበላት መብራቷ አረንጓዴ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሳህኖችን አብሬ አልነካም፤ አንዷ ስትጠፋ ጎረቤቷ ሰዎቹን ታስተናግዳለች። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃሉ እንደ ድሮው ስለሚቀጥል፣ ሥራው ካማረ ተጠቃሚው የሚያየው ነገር የለም።

መጀመሪያ የመረጥኳት ማንም ግድ የማይሰጠውን፣ የመጋዘኑ ኮሪደር ላይ ያለችውን ሳህን ነበር። አዘዝኳት፤ ጠፋች፤ ተነሳች፤ አዲሱን አዛዥ ጠራች። አልተቀበላትም። ደግማ ጠራች፤ አልተቀበላትም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ወደ አሮጌው ተመለሰች። ሌላ ሞከርኩ፤ ያው። ሦስተኛ ሞከርኩ፤ ያው። እዚያው እያለሁ አሮጌው አዛዥ የዕለቱን እንቅልፉን ተኛና ከየክፍሉ «ኧረ ሄደ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ሴት በሩ ላይ ቆመች። የባዮሎጂ መምህርቷ ማርታ ናት፤ እኔ እንድመጣ ዲኑን ወጥራ የያዘችው እሷ ነበረች። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ልታጠና ውጭ አገር ለዶክትሬት አመልክታለች። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ነው። ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለቱንም ጊዜ መሀል ላይ አሮጌው አዛዥ ጠፍቶባታል። ሦስተኛው ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ነው፤ እሱም ከተቋረጠ ዕድሉ ለተጠባባቂው ይሰጣል ብለው ጽፈውላታል።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። «የማይሆን ከሆነ ነገ ሐዋሳ ዘመዴ ጋ ልሂድ። እዚያም ኔትወርኩ እንደ ዕድልሽ ነው፤ ግን ከዚህ ይሻላል።»

ሦስት ሳህን እንቢ ብሎኝ የተቀመጥኩ ሰው እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ኩራት አሸነፈኝ። «አትሂጂ፣ ይሆናል» አልኳት።

እሷም አምናኝ እቤቷ ወሰደችኝ። ጾሜን አስባ ቆጮ በጎመን አቀረበች፤ አቮካዶው ደግሞ ከጓሮ ተለቅሞ መጣ። እኛ ሰፈር አንድ አቮካዶ ለአራት ሰው ቆርጠን በሎሚ እንበላለን፤ እዚህ ለአንድ ሰው ሁለት ያቀርባሉ፣ አልበላም ካልሽ ይከፋቸዋል። ስንጨርስ ጓሮውን አሳየችኝ። ግማሹ ለምለም እንሰት ነው፤ ግማሹ ባዶ አፈር።

«ይሄ በሁለት ክረምት ነው የሄደው» አለች ባዶውን እያሳየች። «አባዬ አንዱን እግር እንሰት ስንት ዓመት ነው የሚያሳድገው። ሲጠወልግ ቆርጦ ከመቅበር በቀር ምን ያደርጋል? ሲቀብር ቆሜ አይቼዋለሁ።»

«አትሂጂ» ስላት በምን እንደቀለድኩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ

ማለዳ ገብቼ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ገመድ ቀየርኩ፤ የሳህኖቹና የአዛዡ ሶፍትዌር እኩል መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ሁሉንም አጥፍቼ አስነሳሁ። አዛዡ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሳህኗ መታወቂያ ዋጋ የለውም፣ አልቀበልም። እያንዳንዷ ሳህን ከፋብሪካ ስትወጣ ውስጧ የተቀበረ መታወቂያ አላት፤ አዛዥ የሚቀበላት እሱን አይቶ ነው። አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«ሳህኖቹ ፎርጅድ ይሆናሉ» አለኝ። «የተገዙበትን ሰነድ ፈልጊ። እውነተኛ ካልሆኑ ጊዜሽን አታባክኚ፣ ማሽኑን ይዘሽ ተመለሺ።»

ሰነዱ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ አቶ ሽፈራው ኪስ ውስጥ፣ ጪጩ። ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን፤ ወደ ለቅሶው ቤት በሚገባው ጭቃ ላይ ባጃጇ አልንቀሳቀስ አለች፤ ወርጄ ከኋላ ገፋሁ። ድንኳኑ ጋ ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሻለሁ። ቁልፍ ብቻ ተቀብዬ ልሮጥ ነበር ያሰብኩት። ግን ለቅሶ ቤት ቁልፍ ተቀብሎ መሮጥ አለ? «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ከሴቶቹ ጎን ተቀመጥኩ። አንዲት እናት አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ውኃ አምጥተው እግሬን አስታጠቡኝ፤ ንፍሮም በእጄ ላይ አፈሰሱልኝ። መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ሰዓቴን ላለማየት እጅጌዬን ሳብኩት።

አቶ ሽፈራው ረጅም፣ ሸምገል ያሉ፣ በለቅሶ ቀን እንኳ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ የሰኩ የጌዴኦ ሰው ናቸው። ከድንኳኑ ውጭ ነገሩን ነገርኳቸው። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙና አንዷ ቃል ላይ ቆሙ።

«ፎርጅድ?»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፣ አባባ።»

«በእኔ መጋዘን ገብቶ ፎርጅድ?» ፊታቸው ተለዋወጠ። «ቁልፉን አልሰጥሽም፤ እኔ እራሴ እሄዳለሁ። ሟቹ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ይቅር ይለኛል።»

ባጃጁ ውስጥ ገብተን ተመለስን። ኮሌጁ በር ላይ ስንደርስ ማርታ ቦርሳ አንግታ ቆማለች። የፎርጅዱ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ግቢውን አዳርሶታል። ዲላ ወሬ ባጃጅ አያስፈልገውም።

«የሐዋሳው መኪና ሊወጣ ነው» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

«ትንሽ ጠብቂኝ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

አቶ ሽፈራው መጋዘኑን ከፍተው መዝገባቸውን አወረዱ። ጣታቸውን እያራሱ ገጹን ገለጡ። «ይኸው። ሳህኖቹ መጡ፣ እኔ ነኝ የተቀበልኩት። አንድ አንዱን ቁጥሩን ጻፍኩ። ይቺ ለላይብረሪዋ ሠራተኛ ተሰጠች፣ ይሄ ለሬጅስትራሩ ተሰጠ፣ ሁሉም ፈርሟል። ማሽን ያለ ሰው ስም አይወጣም። አሁን እዪ፤ ገቢ የሆነው 2005፣ በእኛ። የተመረተው 2012፣ በፈረንጅ።»

«ለምን ሁለቱንም ይጽፋሉ?»

«ተቃጥዬ ነዋ! አንዴ ፕሪንተር ተበላሸና ዋስትናውን ልጠይቅ ብል፣ በእኛ ቀን ጽፌ ስለነበር ጊዜው ድሮ አልፏል አሉኝ። ዋስትናው የፈረንጅ ነው፣ ቀኑ የእኛ ነው፤ እንዴት ይገናኛል? ከዚያ ወዲህ ማንም ቀን ሲለኝ በእኛ ነው በፈረንጅ ብዬ እጠይቃለሁ። አንቺ ያመጣሽውንም ሞዴል 19 ስቆርጥ እጠይቅሻለሁ። ዛሬ ስንት ነው? በእኛ፣ ሚያዝያ፣ ሁለት ሺህ ስምንት...»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። የሆቴሉ ግድግዳ ታየኝ። ካላንደሩ ታየኝ። ማሽኑ ቀን ሲጠይቀኝ ቀና ብዬ አይቼ የሞላሁት ታየኝ፤ ስምንተኛ ወር፣ 2008። ማሽኑ ፈረንጅ ነው፤ ለእሱ ዘመኑ 2016 መሆን ነበረበት። እኔ በሞላሁት ቀን ሳህኖቹ ገና ከአራት ዓመት በኋላ ነው የሚመረቱት። አዛዡ ምን ያድርግ? ገና ያልተወለደች ሳህን መታወቂያ ይዛ ስትመጣበት አልቀበልም አለ። እኔ ብሆንም አልቀበልም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በሁለት ካላንደር ኖሬ፣ ለልደት በአንዱ ለደመወዝ በሌላው ስቆጥር ኖሬ፣ አንድ ማሽን ጠየቀኝና ጠፋኝ።

ስሮጥ አቶ ሽፈራው ከኋላዬ «ሞዴሉ ሳይቆረጥ!» እያሉ ተከተሉኝ። ማርታም ቦርሳዋን እንዳነገተች ተከተለች። ቀኑን አስተካከልኩና የመጋዘኑን ኮሪደር ሳህን አዘዝኩ። ሦስታችንም ከሥሯ ቆመን አንጋጠጥን። ጠፋች። ቆየች። ማርታ የቦርሳዋን ማንገቻ ታጠብቃለች፤ ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

አረንጓዴ በራች።

ማርታ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ አይደበቅም፣ አለቀስኩ። አቶ ሽፈራው ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን አንዴ ሳህኗን ያያሉ።

«ፎርጅድ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባባ። ፎርጅዷ እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ቅቤ ሆነ። አንዷን ዘልዬ አንዷን፣ ጎረቤቷ ሰዎቹን እያስተናገደች፣ ሕንፃ በሕንፃ አዛወርኩ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስደርስ ተማሪዎቹ እግር ኳስ እያዩ ነበር። ከራሳቸው በላይ ያለችው ሳህን ጠፍታ ስትነሳ ምስሉ ለአፍታ ቆም አለና ቀጠለ፤ አንዱ ስልኩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ አለቀ። መሰላሉ ላይ ሆኜ መብራቷን ሳረጋግጥ አንዷ ልጅ ቀና ብላ «ሲስተር፣ ዋይፋዩ ይቀየራል ምናምን ሲሉ ነበር፤ መቼ ነው ግን?» አለችኝ። «ተቀይሯል» ስላት አላመነችኝም። በእኔ ሙያ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ጀምበር ሳትጠልቅ የመጨረሻዋም ሳህን ገባች።

ሐሙስ

ማርታ በጠዋት መጣች፤ የሰርግ ልብሷ የሚመስል ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ከማሽኖቹ ክፍል አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክፍል ሰጥተናታል። አቶ ሽፈራው ኮሪደሩን ዘግተው ቆሙ፤ ዲኑ ራሱ ሲመጣ «በዚያ በኩል ይዙሩ» አሉት፤ ዞረ።

አሮጌውን አዛዥ አልነቀልኩትም ነበር። አንድ ነገር ቢበላሽ ሳህኖቹ የሚመለሱበት ይኑራቸው ብዬ፣ አንድም ሳህን ሳይኖረው በመብራት ላይ ተውኩት። በሁለቱ ማሽኖች መሀል ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሲሆን በግድግዳው በኩል የማርታ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ እየቆየ ሞላ ያለ። እንግሊዝኛው ሁሉ አልተሰማኝም፤ እንሰት የምትለውን ቃል ግን ደጋግሜ ሰማኋት።

ከዚያ የአሮጌው አዛዥ ማራገቢያ ድምፁን ቀየረ። አውቀዋለሁ፤ ማክሰኞ ሰምቼዋለሁ። አንዴ ጮኸ፣ ቀነሰ፣ ቀጥ አለ። መብራቶቹ ሁሉ ጠፉ። ሰዓቱ ደርሶ መተኛቱ ነው። ባለፉት ሁለት ጊዜያት የማርታ ድምፅ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነበር።

ድምፁ አልተቆረጠም። በግድግዳው በኩል ማርታ ስለ አባቷ ጓሮ ትናገራለች፤ ትናገራለች፤ አሁን ደግሞ ሳቀች። ከየክፍሉም «ሄደ!» ያለ ሰው የለም። አቶ ሽፈራው አንገታቸውን በበሩ አስገብተው ጨለም ያለውን ማሽን አዩና በሹክሹክታ «ሞተች?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለቀልድ ይሁን ለእውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲህ ቀለል ብሎኝ የተነፈስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዓርብ

ሞዴል 19 ተቆርጦ፣ ቀኑ በእኛም በፈረንጅም ተጽፎ፣ ፈርሜ ወጣሁ። እንደ አመጣጤ ካርቶን ታቅፌ ተሳፈርኩ፤ የአሁኑ ግን አናናስ ነው፣ ከማርታ አባት። ረዳቱ ላይ ይውጣ ሲለኝ እሺ አልኩ። ጃኬቴንም አብሬ አስጫንኩት። አዲስ አበባ ስወርድ ዝናብና ብርድ ተቀበለኝ፤ ጃኬቱ ከአናናሱ ሥር ነበር።

ይህን የጻፍኩት ከወራት በኋላ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ፤ ማርታ ናት፣ ሻንጣ ይዛለች። ለዶክትሬቱ የምትሄድበት በረራ በማግስቱ ነው። እናቴ እንደ ልጇ አቀፈቻት። እኔም ያቺ ማክሰኞ የዋሸኋት ነገር እስከዚያች ሰዓት ሆዴ ውስጥ እንደነበረ ያወቅሁት ሲወጣ ነው። ነገርኳት። «አውቄ ነበር» አለች፤ «ፊትሽ ላይ ይነበብ ነበር። ግን ማመን ፈለግሁ።»

ከዚያ ከሻንጣዋ አንድ ፖስታ አወጣች፤ ከአቶ ሽፈራው የተላከ ነው። ውስጡ የአሮጌው ማሽን የማስወገጃ ቃለ ጉባኤ አለ። በምስክርነት እንድፈርም የእኔ ስም ተጽፎ፣ ማኅተሙ ተመትቶ፣ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ቀኑ ብቻ ባዶ ተትቷል። ከጎኑ በእርሳስ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «ይህን አንቺ ሙዪው» ይላል።

ማርታ ከትከሻዬ በላይ እያየች፣ በሁለቱም ካላንደር ጻፍኩላቸው።